የደጃፌ ጡቦች

የመሬት ውስጥ መስመር ሥራ ተቋራጭነት ፈተና ለመፈተን የወሰንኩት ሰው ደብድቤ ነው። ሌላው ሰው ለልጆቼ ብሎ፣ ለኑሮዬ ብሎ ይወስናል። እኔ የአሠሪዬን መንጋጋ በአካፋ እጀታ ሰብሬ ወሰንኩ።

ኮልፌ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ካቦ ነበርኩ። የውሃ ቱቦ፣ የፍሳሽ መስመርና የኤሌክትሪክ ኬብል የሚቀበርበትን ቦይ የሚቆፍሩ ሰዎች አለቃ ማለት ነው። ሥራው የእኔ፣ ፈቃዱ የአሠሪዬ ነበር። አንድ የክረምት ቀን አስኮ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀ ቦይ ከፍተን ግድግዳውን በጣውላ ልንደግፍ ስንል፣ «እንጨቱን ተዉትና ቱቦውን ጣሉ፣ ዛሬ ማለቅ አለበት» ብሎ በስልክ አዘዘ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ የጠጣው ግድግዳ ተንዶ አንዱን ቆፋሪዬን እስከ ደረቱ ዋጠው። በአካፋ ብንቆፍር እንቆርጠዋለን ብለን በእጃችን ቧጨርን። ጥፍሬ ተነቅሎ ቀረ። ልጁ ሲወጣ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ በአፉና በአፍንጫው አረፋ የቀላቀለ ደም ይወጣ ነበር። አሠሪያችን በመኪና መጣ፣ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «ቱቦው ደህና ነው?» አለ።

በሩን ከፍቼ አወጣሁት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም፤ ሰዎች ሦስት ነው ይላሉ። የማስታውሰው ድምፁን ነው፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ ከፖሊስ ጣቢያ ወጣ፤ አሠሪዬ ግን የሥራ ልምድ ወረቀት እንደማይሰጠኝ ማለ። ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ከመሬት በታች ለሚሠሩ ሰዎች ሕይወት ኃላፊነት መውሰድ ይችላል» ብሎ መፈረም አለበት። የእኔን ጠባይ እያወቀ ማን ይፈርማል? በሰፈሩ ስሜ ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ።

እኚያ ሰው ከእኔ ቤት ሦስት አጥር ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የኤሌክትሪክ ኬብል ሲቀጥሉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል፣ የቀሩት ወደ መዳፋቸው ታጥፈዋል፤ ቆዳው እስከ ክርናቸው ድረስ የተጨማደደ ላስቲክ ይመስላል። ሥራ ላይ ኤሌክትሪክ እንደያዛቸው ሁሉም ያውቃል፣ የት እንደሆነ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ፈቃዳቸው አሁንም የጸና ነው።

ጉዳዬን ስነግራቸው ቆመው ነው የሰሙኝ።

«ሰውዬውን ለምን መታኸው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁለት ጊዜ ይበቃው ነበር» አሉ። «ስማኝ። እኔ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። መሪጌታ እንዳስተማሩኝ ነው የማስተምርህ። ደብተር የለም፣ በቃልህ ትይዛለህ። ስትሳሳት ትመታለህ። አንድም ሳትስት የጨረስክ ቀን እፈርምልሃለሁ። ከተስማማህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ።»

አባቴ ቀበቶውን፣ ገመዱን፣ እጁ ያገኘውን ሁሉ እኔ ላይ እየሞከረ ነው ያሳደገኝ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ እጁን ጠምዝዤ ከግድግዳ ጋር ካጣበቅኩት ወዲህ ማንም እንዳይመታኝ ምዬ ነበር፤ ለዚህም ሁልጊዜ ቀድሜ እመታ ነበር። ያም ሆኖ «እሺ ጋሼ» አልኩ። ሲቸግር ሁሉም ይቻላል።

እሑድ መጡ። አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበትን ዓይነት፣ በግራ እጃቸው ይዘዋል። የእኔ ቤት ተዳፋት ላይ ስለሆነ ጎርፍ እንዳይገባ ወለሉ ከፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ወደ በሩ የሚያወጣ አራት እርከን ደረጃ አለው። እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ እኔ የቢራ ሳጥን ገልብጬ ፊት ለፊታቸው።

«ቦዩ ከአንድ ሜትር ተኩል ካለፈ?»

«ግድግዳው ይደገፋል።»

«የተቆፈረው አፈር የት ይቆለላል?»

«ከአፉ ራቅ ብሎ።»

«ምን ያህል ራቅ ብሎ?»

ሁልጊዜ በዐይኔ ነበር የምገምተው። ቱቦው የእጄ አንጓ ላይ አረፈ፣ ዐይኔ እሳት ተፋ። ተነስቼ ቆምኩ፤ እጄ ራሱን ጨብጦ አገኘሁት። ጋሼ አልተንቀሳቀሱም።

«ልትመታኝ ነው? ምታኛ» አሉ። «ከዚያ ሌላ ፈራሚ ፈልግ።»

ተቀመጥኩ።

በሁለተኛው ሳምንት እጄ አብጦ ዶማ መጨበጥ አቃተኝ። በሦስተኛው ጆሮዬ ሥር ተሰነጠቀ፤ ማንሆል፣ የፍሳሽ መስመሩ ጉድጓድ፣ ውስጥ ከመግባት በፊት አየሩ መመርመር አለበት የሚለውን ስለዘለልኩ ነው። «ይህችን ዘለህ ሁለት ሰው ገደልክ» አሉኝ፣ «አንደኛው መጀመሪያ የገባው፣ ሁለተኛው ሊያወጣው የገባው» እያሉ ለእያንዳንዱ አንዳንድ አቀመሱኝ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች፣ «አንተን የሚመታ ሰው በዐይኔ አየሁ፣ አሁን ብሞትም አይቆጨኝም» ትላለች። ለእሳቸው ምሳ ስታቀርብ ከእኔ የበለጠ ወጥ ታደርግላቸዋለች።

እውነትም ተማርኩ። አሥራ አራት ዓመት በድፍረት የሠራሁትን ነገር ምክንያቱን አሁን አወቅኩት። ጋሼ ሲመቱ ንዴት የለባቸውም፣ ሚስማር እንደሚመታ ሰው ልክ መትተው ያቆማሉ። እየዋለ እያደረ እሑድን መጠበቅ ጀመርኩ። ከአባቴ ያላገኘሁትን ነገር ከእሳቸው ያገኘሁ መሰለኝ፤ እንዲህ ብዬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን እንደዚያ ነበር።

አንድ እሑድ ጋሼ የተቀመጡበትን ደረጃ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሲሚንቶው ጠርዙ ላይ ተፈርፍሮ ቀዩ ሸክላ ብቅ ብሏል።

«ጥሩ ጡብ ነው። ከየት አመጣኸው?»

«ከድሮ ሥራ የተረፈ ነው ጋሼ።»

ስናገር ውሸት አልመሰለኝም። እኛ ቆፋሪዎች ዘንድ ከቦይ የወጣ ነገር የካቦው ድርሻ ነው። አሮጌ የብረት ቱቦ፣ ጥርብ ድንጋይ፣ ጡብ፣ ማንም ሌብነት አይለውም። ካቦው ካልወሰደው መንገደኛ ይወስደዋል።

ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው እሑድ ላይ ነው ያቺ ጥያቄ የመጣችው።

«ስትቆፍር ንጹሕ አሸዋ፣ ከዚያ በተርታ የተደረደረ ቀይ ጡብ ብታገኝ?»

ሳቅኩ። ይህን የማያውቅ ቆፋሪ የለም። «ከሥሩ የኤሌክትሪክ ኬብል አለ። ሥራ ይቆማል። ጡቡ አይነሳም።»

«ካነሳኸውስ?»

«በቦታው ይመለሳል።»

ጋሼ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልሄዱም። ቱቧቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀኝ እጃቸውን አዩ።

«ቤቴል ነው» አሉ። «ከታክሲ ማዞሪያው ወደ ክሊኒኩ ስትታጠፍ፣ የትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር ሥር። ሰባት ዓመቱ። ኬብሉ አንድ ቦታ ተበላሽቷል ተባለና መገጣጠሚያውን ፍለጋ ሄድኩ። ቆፋሪው ዘገየ፣ እኔ ራሴ ዲጂኖ ይዤ ገባሁ። ኬብል ካለ ጡብ አለ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ነው የሠራሁት። ጡቡን ስጠብቅ አፈር ብቻ ሆነብኝ። ኬብሉ እዚህ ጋ አያልፍም ማለት ነው ብዬ ዲጂኖውን በሙሉ ክንዴ ለቀቅኩት።»

ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዙት።

«ድምፅ አልሰማሁም። ብርሃን ብቻ። ብረቱ ከእጄ አልላቀቅ አለ። መጀመሪያ የታወቀኝ ሽታ ነው፤ ማን ቤት ሥጋ ይጠበሳል ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ። የእኔው ነበር። ዘግይቶ የመጣው ቆፋሪ በጣውላ ደረቴን ደብድቦ ነው ያላቀቀኝ።» የታጠፉትን ጣቶች አነሱና ወደ ሰማይ አደረጓቸው። «ያንን ጡብ ያነሳ ሰው፣ እጁ እንደ እጄ ይድረቅ። የበላበት ይታነቀው። ልጁ… ልጁንስ ተወው፣ ልጅ ምን አደረገ።»

እኔ የማየው የተቀመጡበትን ነው።

የድንጋይ አጥሩን አውቀዋለሁ። ከእሳቸው ቃጠሎ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው አጥር ሥር የውሃ ቱቦ ቀብሬያለሁ። ቦዩን ስናሰፋ አሸዋ መጣ፣ ከዚያ ጡብ፣ አዲስ የመሰለ ቀይ ጡብ በተርታ። ቆፋሪዎቼ አለቃ ምን እናድርገው ሲሉኝ በዐይኔ ለካሁና፣ «ለደረጃዬ ይበቃኛል» አልኩ። ከመሣሪያው ጋር በአይሱዙ ጭኜ አመጣሁት። ኬብሉን አይቼዋለሁ። አፈር መልሼበት፣ ማንም እንዳልነካው እስኪመስል ድረስ ደህና አድርጌ ጠቅጥቄዋለሁ። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ሥራዬ ንጹሕ ነበር።

አልነገርኳቸውም። ፈራሁ። ምታቱን አይደለም፣ ፊርማውን ነው የፈራሁት። አሠሪዬ መንጋጋው ድኖ ሌላ ካቦ ቀጥሮ፣ ቦይ ሳይደግፍ እየቆፈረ ነበር፤ የእኔ ቆፋሪዎች ፈቃድ አውጣና ውሰደን እያሉ በየቀኑ ይደውላሉ። ለእነሱ ስል ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ሦስት እሑድ መጡ፣ ሦስቱንም እሑድ እዚያ ጡብ ላይ ተቀመጡ። የማውቀውን ሁሉ እሳሳት ጀመር። ሲመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

«ምን ነካህ? ወደ ኋላ ትማራለህ እንዴ?» ይሉኛል።

በአራተኛው እሑድ አልተሳሳትኩም። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው እንደ ዳዊት ደገምኩት። ባለቤቴ መስኮቱ ላይ እልል አለች። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡት። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ከመሬት በታች ለሚሠሩ ሰዎች ሕይወት…» ወረቀቱን በታጠፈችው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጭነው እስክሪብቶውን በግራቸው ያዙ።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ» አልኩ።

«ምን?»

«የተቀመጡበት ጡብ የቤቴሉ ነው።»

ቀና አላሉም። ወረቀቱ ከጉልበታቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ዞር አሉና ደረጃውን አዩት። በቱቧቸው ጫፍ የተፈረፈረውን ሲሚንቶ ፋቁት።

«አጥሩ ሥር?» አሉ።

«አጥሩ ሥር።»

«ኬብሉን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ ጋሼ።»

የመጀመሪያው ፊቴ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ቱቦው ተሰበረ። አሁን ሚስማር አልነበርኩም፤ እያለቀሱ ነበር የሚመቱት፣ እንደ ሕፃን እየጮኹ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዲጂኖዬን አነሱ። በአንድ ተኩል እጅ ያን የሚያህል ብረት እንዴት እንዳነሱት አላውቅም። ጭንቅላቴን ይፈልጡታል ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ደረጃው ላይ አወረዱት። ደግመው፣ ደግመው። ሲሚንቶው ተፈነጠረ፣ ቀይ አቧራ ተነሣ፣ ጡቡ ከሁለት እየተሰበረ ግቢው ውስጥ ተበተነ። «እዚህ ላይ አስቀመጥከኝ! እዚህ ላይ አስቀምጠህ እህል አበላኸኝ!» ይላሉ። ግማሽ ጡብ ከመሬት አንስተው አፌ ላይ መቱኝ። ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ።

እጆቼን ቀበቶዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ በአንድ ግፊት ከአጥሩ ባሻገር እጥላቸዋለሁ። እጆቼም ሊወጡ ይታገሉኝ ነበር፤ እንደዚያን ቀን የታገልኩት ሰው የለም። ባለቤቴ እየጮኸች ወጣች፣ ጎረቤት ግቢውን ሞላው። ሁለት ሰዎች ጋሼን ከኋላ ያዟቸው።

«ምን አደረገዎት?» አሏቸው።

«እሱን ጠይቁት» አሉ። «የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ።» ወረቀቱን ከመሬት አንስተው አቧራውን አራገፉና ሳይፈርሙ ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

የዚያ ዙር ፈተና አለፈኝ። አፌ ሲድን የተረፈውን ደረጃ ራሴ ነቅዬ ጨረስኩት። ደህናዎቹን ጡቦች ከአጥሩ ሥር ከመርኩና ቆርቆሮ ከላያቸው ጣልኩ። ልጠቀምባቸው አልቻልኩም፣ ልጥላቸውም አልቻልኩም። አንድ ቀን ጡቦቹ የሚመለሱበትን ላይ ቤቴል ሄጄ የድንጋይ አጥሩን አየሁት፤ መንገዱ አዲስ ንጣፍ ተነጥፎበት፣ ተማሪዎች ላዩ ላይ ኳስ ያንከባልላሉ። ተመለስኩ። ቤቴ ያለ ደረጃ ቀረ፣ ባለቤቴ በየቀኑ ስትወጣና ስትወርድ እየረገመችኝ።

ካቦነቴ ስለቀረ በቀን ሠራተኝነት ዶማ ይዤ ወጣሁ። ሳንሱሲ ላይ በሌላ ካቦ ሥር ስንቆፍር አሸዋ መጣ። ሁለት አካፋ ወረድ ስንል ቀይ ጡብ። ካቦው ከላይ ሆኖ፣ «ጥሩ ነው፣ አውጡት፣ ለአጥሬ እፈልገዋለሁ» አለ። ልክ እንደ እኔ፣ በእኔው ድምፅ። ጡቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነስ» አለኝ።

«ሥራ ይቆማል። ጡቡ አይነሳም።»

ሳቀብኝ። ከዚያ ወርዶ በጫማው ጎኔን መታኝ። ሌላ ቆፋሪ በአካፋ ጀርባ ትከሻዬን። እጆቼን ጡቡ ላይ ተክዬ ያዝኩና አልተነሣሁም። ቆዳዬ ሲላጥ፣ ጎኔ ሲሰነጠቅ ይሰማኛል፤ እኔ የምለው ያንኑ ነው፣ ሥራ ይቆማል፣ ጡቡ አይነሳም። እብድ ነው ተባለ። የሰፈር ሰው ተሰብስቦ የኤሌክትሪክ ሰዎች እስኪጠሩ ድረስ እዚያው ቆየሁ። መጥተው ጥቂቱን ገለጥ አድርገው ኬብሉን ሲያዩ ካቦውን ላብ አጠመቀው። እኔን በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ወሰዱኝ።

ወሬው ሦስት አጥር ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም መሰለኝ። በሁለተኛው እሑድ፣ ጎኔ ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ጋሼ የግቢውን በር ከፍተው ገቡ። ስድስት ወር ሙሉ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። ከበሩ ሥር መጥተው ቆሙ። ወለሉ ወገባቸው ጋ ይደርሳል።

«ደረጃህ የት ሄደ?»

«አፈረስኩት ጋሼ።»

«ጡቡስ?»

ወደ ቆርቆሮው አመለከትኩ። አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀኙን፣ የታጠፈውን።

«ሳበኝ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ!»

ያዝኩት። በዚያ ሁሉ እሑድ ነክቼው አላውቅም ነበር። ደረቅና ለስላሳ ነው፣ እንደማንኛውም ሰው እጅ ይሞቃል። ሳብኳቸው፣ ጎኔ እየተሰነጠቀ፣ አጠገቤ በሩ ላይ ተቀመጡ። ቱቦ አልያዙም። የኮታቸው ኪስ ላይ የወረቀት ጫፍ ይታያል።

«ስትቆፍር አሸዋ፣ ከዚያ ቀይ ጡብ ብታገኝ?» አሉ።

«ጡቡን አነሳለሁ» አልኩ። «ቁፋሮዬን እቀጥላለሁ።» ሁለት እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩ። እንዲመቱኝ ፈለግኩ፣ እንደ ድሮው፣ ልክ መትተው እንዲያቆሙ።

እጆቼን አዩአቸው።

«ይህን ታውቀዋለህ» አሉ። «አታሹፍብኝ። መልስ።»

«ሥራ ይቆማል» አልኩ። «ጡቡ አይነሳም።»

«ካነሳኸውስ?»

መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በቦታው ይመለሳል፣ ሁለት ቃል ነው። ግን ዐይኔ ቆርቆሮው ሥር ወዳሉት ጡቦች ሄደ። ጋሼ የታጠፈ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።